ቀን ያልወጣላቸው ሠላሳ ሰባት ሴቶች

ረቡዕ ጠዋት ኢንስፔክተር ምሳው ከዓይን ሕክምና ዘመቻው ግቢ ሲደርስ፣ ሰዉ አጥሩ ላይ የተለጠፈውን ዝርዝር ከቦ ይጮኽ ነበር።

ኅዳር 1999 ዓ.ም. ነው። ከሩቅ የመጡ ሐኪሞች ለአንድ ሳምንት ሰቆጣ ተቀምጠው የዓይን ሞራ ይገፍፋሉ። ቅዳሜ ጠዋት ይሄዳሉ። ደግመው መቼ እንደሚመጡ የሚያውቅ የለም።

ዝርዝሩ ላይ በየስሙ ትይዩ ሰውየው የሚታከምበት ቀን ተጽፏል። በሠላሳ ሰባት ስሞች ትይዩ ግን ምንም የለም። ነጭ ወረቀት ብቻ ነው።

«ተራችንን ለከተማ ሰው ሰጥተውብናል!» አለ አንድ ጎልማሳ። ዓይነ ስውር እናቱን በጀርባው እንዳዘለ ነበር።

ሳጅን ኪዳኑ በሰዉ መካከል ተጋፍቶ መጣ። ወጣት ነው፤ ነገር ቶሎ ይገባኛል ብሎ ያምናል።

«ጌታዬ፣ ሠላሳ ሰባቱም የአበርገሌ ሴቶች ናቸው። የተመዘገቡበት ደብተር ደግሞ ቢሮ ውስጥ የለም። ቀኑም ጠፍቷል፣ ደብተሩም ጠፍቷል። ይኼ የእጅ ሥራ ነው።»

«የማን እጅ?»

«እሱን ነው እንግዲህ የምንፈልገው።»

ከአጥሩ ሥር አንድ ሽማግሌ ቄስና ሚስታቸው አንድ በትር በሁለት ጫፍ ይዘው ተቀምጠዋል። ቄስ ገብረ ኢየሱስ በአንድ ዓይናቸው ጥላ ጥላውን ያያሉ። ወይዘሮ ወለተ ሰንበት ግን ከስድስት ዓመት ወዲህ ምንም አያዩም። ከአበርገሌ ቆላ ሰቆጣ ለመድረስ ሦስት ቀን ፈጅቶባቸዋል።

«የእኔ ሐሙስ ነው አሉኝ» አሉ ቄሱ። «የእሷ የለም አሉኝ። ሻምበል፣ እኔ ያለ እሷ አልገባም።»

«አባ፣ ኢንስፔክተር ነኝ እንጂ ሻምበል አይደለሁም።»

«እሱም ይደርሳል፣ ልጄ።»

«አትስማቸው» አሉ ወለተ ሰንበት። «ይግቡ ብያቸዋለሁ። እሳቸው ቢያዩ ለሁለታችን ይበቃል።»

«አይበቃም። እኔ ያየሁትን መናገር አልችልበትም። የምትናገረው እሷ ናት፤ ያላየችውን ሁሉ ጨምራ ነው የምትናገረው። ማየት ያለባት እሷ ናት።»

ወለተ ሰንበት ሳቁ። ከዚያ ፈገግታቸው ቀስ ብሎ ጠፋ። ፊታቸውን ወደ ምሳው ድምፅ አዞሩ።

«ልጄ፣ ሳይሄዱ ትደርስልኛለህ?»

ምሳው በሥራው ብዙ ጊዜ ተለምኗል። እንዲህ ባለ ዝቅ ያለ ድምፅ ግን የለመነው ሰው አያስታውስም።

«እሞክራለሁ፣ እማማ» አለ።

ቢሮው አንድ ክፍል ነው። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ኮምፒዩተርና አንድ የመስመር ስልክ አለው። ስሙን ሁሉ ወደ ኮምፒዩተሩ የምታስገባው ፅዮን ናት። ዕድሜዋ ሃያ ሦስት ነው። ምሳው ሲገባ ተነሥታ ቆመች።

«ተቀመጪ። ደብተሩ የት አለ?»

«ለታይቱ መለስኩላት።»

«ታይቱ ማን ናት?»

«የአበርገሌ ጤና ሠራተኛ ናት። ሴቶቹን የመዘገበቻቸው እሷ ናት። ደብተሩን አምጥታልኝ ጻፍኩና መልሳ ወሰደችው። አሁን መንገድ ላይ ናት መሰለኝ።»

«መለስኩላት ስትዪ ያየ ሰው አለ?»

«የለም።»

ኪዳኑ ከበሩ ላይ ጉሮሮውን ጠራረገ። ምሳው ዝም እንዲል በዓይኑ ነገረው።

«የእነዚህን ሴቶች ቀን ማን አጠፋው?»

«አላውቅም፣ ጋሼ። ስገባ ባዶ ሆኖ አገኘሁት።»

«መጀመሪያም ባዶ ሆኖ ቢገባስ?»

ፅዮን ራሷን ነቀነቀች። «አይሆንም። ይጮኻል።»

«ምን ይጮኻል?»

«ኮምፒዩተሩ። ዳታቤዙ ውስጥ፣ ስሞቹ በሚቀመጡበት መዝገብ ማለት ነው፣ አንድ ፋንክሽን አለ። ፋንክሽን ማለት አንድ ሥራ ብቻ የሚያውቅ ትንሽ ፕሮግራም ነው። ይኼኛው ቦታ ሲነግሩት ቀን ይመልሳል። ለምሳሌ የአበርገሌ ቀበሌ ሰባት ካሉት የቀበሌዎቹን ሰንጠረዥ አይቶ ሐሙስ ይላል። ሰንጠረዡ ውስጥ የሌለ ቦታ ከነገሩት ግን አላገኘሁም ብሎ በቀይ ጽሑፍ ይጮኻል፤ ስሙንም አያስገባም። ጋሼ ካሤ ፕሮግራሙን ሲሠራ እንዲህ አድርጎ ነው የሠራው። ባሕር ዳር ነው ያለው።»

«ስለዚህ ባዶ ሆኖ ሊገባ አይችልም።»

«አይችልም።»

«ከገባ በኋላ ሊያጠፋ የሚችለውስ? የይለፍ ቃሉን የሚያውቅ ማን ነው?»

ፅዮን ኮምፒዩተሩን አየች። «እኔ ብቻ» አለች።

ምሳው ብዙ ተጠርጣሪ አይቷል። ብዙዎቹ በር ሲከፈትላቸው ሮጠው ይወጣሉ። ይህች ልጅ ግን የተከፈተላትን በር አንድ በአንድ በራሷ እጅ ትዘጋለች። ወይ በጣም ብልጥ ናት፣ ወይ እውነት መናገር ብቻ ነው የምታውቀው።

መጀመሪያ ጥበቃውን ሙሉሰውን ጠየቁት። የቢሮው ቁልፍ በእሱ እጅ ነው። የአባቱ ቀን ደግሞ የዛሬዋ ረቡዕ ነች።

«አባቴ ከሁሉ ቀድመው የተመዘገቡ ናቸው» አለ ሙሉሰው፤ ማኅተም ያለበትን ካርድም አወጣ። «በጥቅምት መባቻ ነው። በሩ ሳይከፈት መጥተው እኔን ከእንቅልፌ የቀሰቀሱኝ እሳቸው ናቸው። እኔ ኮምፒዩተሩን አቧራውን ብቻ ነው የምጠርግለት፤ እሱንም ፅዮን ትቆጣኛለች።»

ካርዱ ትክክል ነበር። ሙሉሰው ኮምፒዩተሩን ክፈት ሲባልም የተጫነው የስክሪኑን ቁልፍ ብቻ ነበር። ስክሪኑ ጠፋና እሱ ራሱ ደነገጠ። ለቀቁት።

ከቀትር በኋላ ኪዳኑ ዝርዝሩን ይዞ ሲመጣ ፊቱ በርቷል።

«አገኘሁት፣ ጌታዬ! የአበርገሌ ሴቶች ሠላሳ ሰባት አይደሉም። ሠላሳ ስምንት ናቸው። አንዷ ቀን አላት። ወለተ ሚካኤል ትባላለች፤ አጥቢያዋም ከቄሱ ሚስት ጋር አንድ ነው። ማን ናት ቢሉኝ፣ የፅዮን አክስት!»

ምሳው ፅዮንን ጠየቃት።

«አክስቴ ናት» አለች። «ደብተሩ ላይ አልነበረችም። ሰኞ ራሷ መጥታ መዘገብኳት። ዘመዴ ስለሆነች ልመልሳት ነበር?»

«ለእሷ ቀን አለ፤ ለሌሎቹ የለም።»

«አያለሁ፣ ጋሼ።»

«ለምን?»

«አላውቅም።»

ምሳው የእስር ወረቀቱን ፈረመ። እጁ ላይ ሌላ ማስረጃ አልነበረውም። ፅዮን ነጠላዋን አጣፋች፤ ኮምፒዩተሩን አጠፋች፤ አቧራ እንዳይገባበት ጨርቅ አልብሳው ወጣች። ምሳው ያንን ጨርቅ ቆሞ ጥቂት አየው።

ሐሙስ ጠዋት ዶክተር ምስራቅ ከሕክምናው ክፍል ደጃፍ ቆማ ስም ትጠራለች።

«አባ ገብረ ኢየሱስ!»

«አለሁ!»

«ይግቡ።»

«አልገባም!»

ዶክተሯ ወደ ምሳው መጣች። ሦስት ቀን እንቅልፍ ያላገኘ ሰው ፊት ነው ያላት።

«ኢንስፔክተር፣ እኔ ዛሬና ነገ ብቻ ነው ያለኝ። ሠላሳ ሰባቱን ልሠራቸው እችላለሁ። ግን ወደ ዓይን የሚገባው ሌንስ የመጣው በተመዘገበው ሰው ልክ ነው። ቦታቸው ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ከሆነ ሌንሳቸውም አብሮ ተሰጥቷል። ዛሬ ለእነሱ ብሠራ ነገ የሌላውን ሰው ዓይን ከፍቼ ባዶ እጄን እቆማለሁ። ስሕተት ነው በለኝ፤ አሁኑኑ እጀምራለሁ። ስርቆት ነው ካልከኝ ግን አልችልም።»

«እስከ መቼ ትጠብቂኛለሽ?»

«እስከ ስምንት ሰዓት። ከዚያ ካለፈ ቀኑ አይበቃኝም።»

ሁለት ሰዓት ተኩል ነበር። ምሳው ወደ አጥሩ ሄዶ ከሁለቱ ሽማግሌዎች አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«አባ፣ አንድ ነገር አልገባኝም። ቤታችሁ አንድ፣ ቀበሌያችሁ አንድ። እርስዎ ቀን ሲወጣልዎ እሳቸው እንዴት ሳይወጣላቸው ቀረ? አብራችሁ አይደለም የተመዘገባችሁት?»

«አብረን ነው። በኪዳነ ምሕረት ዕለት፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ እዚያው ግቢ ውስጥ።»

«አንድ ሰው ነው የመዘገባችሁ?»

«እንዴት አንድ ሰው ይሆናል! እኔ በወንዶች በኩል፣ እሷ በሴቶች በኩል። ቤተ ክርስቲያን ነው እኮ፣ ሻምበል! ወንዶቹን የቀበሌው ጸሐፊ ደግሰው መዘገበን። ሴቶቹን ታይቱ።»

«ደግሰው ምን ብሎ ጠየቅዎ?»

«ስምህ? አለኝ። ቀበሌህ? አለኝ። ሰባት አልኩት።»

ምሳው ወደ ወለተ ሰንበት ዞረ። በኽምጣኛ ነበር የጠየቃቸው፤ የእናቱ ቋንቋ ነው። ሴትየዋ ቋንቋቸውን ሲሰሙ ወደ እሱ ተጠጉ።

«እርስዎንስ ታይቱ ምን አለችዎ?»

«ቀበሌሽ ስንት ነው አለችኝ። ሁላችንም ሳቅን። ቀበሌ ከእኛ ምን አለው? ስብሰባ የሚጠሩት ወንዶቹ ናቸው። ኪዳነ ምሕረት ነኝ አልኳት። ከእኔ ኋላ ያለችው መድኃኔ ዓለም ነኝ አለች። ሰው የተጠመቀበትንና የሚቀበርበትን ይናገራል እንጂ ቁጥር ይናገራል?»

«ታይቱስ?»

«ታይቱ የእኛው ልጅ ናት። ያልናትን ጻፈች።»

ምሳው ተነሣ። ከወንዶቹ ደብተር ቀበሌ መጣ፤ ከሴቶቹ ደብተር ደግሞ ታቦት። ኮምፒዩተሩ የሚያውቀው ቀበሌ ብቻ ነው። ነገሩ የተፈታ መሰለው። የግቢው በር ላይ ሲደርስ ግን ቆመ። ፅዮን ያለችው አሁንም ይቀራል፦ ቦታው ካልተገኘ ይጮኻል። ለምን አልጮኸም?

ጣቢያ ሲደርስ ፅዮን ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣ ነበር።

«አክስትሽን ስትመዘግቢ ኮምፒዩተሩ ጮኸ?»

ቀና አለች። «አዎ። ኪዳነ ምሕረት ብዬ ስጽፍ ቀይ ወጣ። ቀበሌሽ ስንት ነው አልኳት፤ አታውቅም። የባሏን ስም ፈልጌ ቀበሌ ሰባት መሆኑን አየሁና አስተካከልኩት።»

«ለሠላሳ ሰባቱስ?»

«ለእነሱ አልጮኸም። አንድም ጊዜ።»

«እንደ አክስትሽ አንድ በአንድ ነው ያስገባሻቸው?»

ፅዮን እጇን ግንባሯ ላይ አደረገች።

«አይ» አለች። «ባለፈው ሳምንት፣ ደብተሩ የመጣ ቀን፣ መብራት ይመጣል፣ ይሄዳል። አንድ በአንድ ስጽፍ እየጠፋብኝ ተቸገርኩ። ጋሼ ካሤን ደወልኩለት። ስሞቹን በጊዜያዊ ሰንጠረዥ ጽፈሽ በዚህ አንድ ትዕዛዝ ሁሉንም በአንዴ አስገቢ አለኝ። ትዕዛዙም ቀኑን የሚጠይቀው ያንኑ ፋንክሽን ነው። ሠላሳ ሰባት ገብተዋል አለኝ። ካልጮኸ ደህና ነው ብዬ...»

«ፋንክሽኑ አንድ ምስክር ነው» አለ ምሳው ለራሱ። «በሁለት መንገድ ተጠይቋል። ተነሺ፣ እንሂድ።»

ቢሮው በር ላይ ጭቅጭቅ ነበር። አንዲት አጭር ሴት ደብተር በብብቷ ይዛ ኪዳኑን ታፋጥጠዋለች። ከኋላዋ ሃያ ያህል ሴቶች አንዷ የሌላዋን ነጠላ ይዛ በአንድ መስመር ቆመዋል።

«ደብተሩን ለምን ወሰድሽ ነው ያልኩሽ!» አለ ኪዳኑ።

«ስም ልጠራበት ነዋ! አንተ ሃያ ዓይነ ስውር ሴት ያለ ስም ጥሪ ከተከዜ ወዲህ አውጥተህ ታውቃለህ? አንዷ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ ብትቀር በምን ታውቃለህ?»

«ታይቱ ነሽ?» አለ ምሳው።

«ነኝ። ልጅቱን አሰራችኋት አሉ። ደብተሩን የሰጠችኝ በእጄ ነው። ፍታት!»

«ግቢና ደብተሩን ክፈቺልኝ። አንቺም ታስፈልጊኛለሽ።»

ፅዮን ጨርቁን ከኮምፒዩተሩ ላይ አነሣች። ስልክ ተደወለና ካሤ ከባሕር ዳር አነሣው። ምሳው የስልኩን እጀታ ሁሉም እንዲሰማ አድርጎ ያዘው።

«ፋንክሽኔማ ይጮኻል! እኔ ነኝ የጻፍኩት» አለ ካሤ ነገሩን ገና ከፅዮን እንደ ሰማ። «ቀኑን የሰረዘ ሰው አለ ማለት ነው።»

«ቆይ» አለ ምሳው። «ፅዮን፣ ወለተ ሰንበትን እንደ አክስትሽ በስክሪኑ አስገቢያት። ቦታ፦ ኪዳነ ምሕረት።»

ፅዮን ጻፈች። ቀይ ጽሑፍ ወጣ። «አላገኘሁም ይላል» አለች ወደ ስልኩ።

«አላልኳችሁም?» አለ ካሤ።

«አሁን ያንኑ ስም፣ ያንኑ ቦታ፣ በትዕዛዙ።»

ፅዮን ጻፈችና ቁልፉን ተጫነች። አንድ ገብቷል አለ። ቀይ የለም። ዝርዝሩን ስትከፍተው የወለተ ሰንበት ስም ገብቷል። በትይዩው ባዶ ነው።

ኪዳኑ አንገቱን አስግጎ ስክሪኑን አየ፤ ከዚያ ፅዮንን አየ፤ ከዚያ መሬቱን።

«ጋሼ ካሤ» አለች ፅዮን በቀስታ። «በስክሪኑ ይጮኻል። በትዕዛዙ ውስጥ ግን ዝም ብሎ ባዶ ይሰጣል።»

ካሤ ትዕዛዙን ቃል በቃል አስነበባት።

«ወይኔ» አለ ካሤ። «ወይኔ፣ ፅዮን።»

«እስቲ ለእኛ በሚገባን ንገረን» አለ ምሳው።

«ስክሪኑ ራሱ ፕሮግራም ነው። ፕሮግራም ፋንክሽኑን ሲጠራው፣ አላገኘሁም የሚለው ስሕተት ቀጥ ብሎ ለጠሪው ይደርሰዋል። ጠሪው ካልተቀበለው ሥራው ይቆማል፤ ቀይ ይወጣል። ትዕዛዙ ግን የዳታቤዝ ጥያቄ ነው። ፋንክሽኑ በጥያቄ ውስጥ ሲጠራ፣ አላገኘሁም የሚለውን ዳታቤዙ እንደ ስሕተት አያየውም። የሚነበብ ረድፍ አለቀ እንደ ማለት ይወስደውና በቀኑ ፈንታ ባዶ ያስቀምጣል። ሌላ ዓይነት ስሕተት ቢሆን በሁለቱም መንገድ ይጮኽ ነበር። ይኼ አንዱ ብቻ ነው እንዲህ የሚሆነው። በስክሪኑ ብቻ ፈትኜው ተውኩት። እዚያው ፋንክሽኑ ውስጥ መያዝ ነበረብኝ።»

«ማንን ነው የሚይዘው?» አለ ኪዳኑ ባለማመን።

«ስሕተቱን፣ ሳጅን» አለ ምሳው። «ሰው የለም። የሚያዝ ሰው የለም።»

ካሤ ጥቂት መስመሮች በስልክ ነገራት፤ ፅዮን እየደገመች ጻፈች። ቦታው ካልተገኘ ፋንክሽኑ ራሱ ስሕተቱን ተቀብሎ፣ በማንም ቢጠራ፣ በባዶ ፈንታ ቃል እንዲመልስ ነው። ዝርዝሩን እንደገና ስታወጣው በሠላሳ ሰባቱ ስሞች ትይዩ ቦታዋ አልታወቀም የሚል ተጽፎ መጣ።

«እኔ አውቀዋለሁ!» አለች ታይቱ ወንበሯን እየጎተተች። «ጻፊ። ወለተ ሰንበት፣ ሰባት። ጥሩሐረግ መድኃኔ ዓለም ናት፤ ግን ቤቷ ከወንዙ ማዶ ነው፣ ዘጠኝ በያት። ዓይናዲስም ማዶ ናት...»

ሁለቱ ሴቶች ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ሠላሳ ሰባቱን ጨረሱ። ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ ባዶ የሚባል አልነበረም። ምሳው ወረቀቱን ይዞ ወደ ሕክምናው ክፍል ሮጠ። በግቢው ውስጥ ኢንስፔክተር ሲሮጥ ያዩ ሰዎች ሌባው የተያዘ መሰላቸው።

«ስሕተት ነው!» አለ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። «የተሰጠ ቦታ የለም።»

ዶክተር ምስራቅ ወረቀቱን ላይ ታች አየችው። «ስለዚህ ሌንሳቸው አለ» አለችና እጇን ልትታጠብ ሄደች።

«አባ ገብረ ኢየሱስ! ወይዘሮ ወለተ ሰንበት!» አለች ነርሷ።

«አሁን እንገባለን» አሉ ቄሱ። ግን አልተነሡም። እንባቸው እስኪያባራ ሚስታቸው በትሩን ይዘው ጠበቋቸው።

ያን ዕለትና ዓርብ ሐኪሞቹ እስኪመሽ ሠሩ። ምሳው የምርመራውን መዝገብ ሲዘጋ፣ ተጠርጣሪ በሚለው ሥር የጻፈውን የፅዮንን ስም ሰርዞ ከጎኑ ፈረመ። ከዚያ ፊት ለፊቷ ቆሞ ይቅርታ ጠየቃት። እሷም አንገቷን ደፍታ፣ ግድ የለም፣ ጋሼ አለች።

ቅዳሜ ጠዋት የሐኪሞቹ መኪና ሞተሩን አስነሥቶ ቆሟል። ዶክተር ምስራቅ ከመሄዷ በፊት የመጨረሻዎቹን ፋሻዎች ትፈታለች። ወለተ ሰንበት አግዳሚ ላይ ተቀምጠው በአንድ ዓይናቸው ዙሪያውን አዩ። ብርሃኑ በዛባቸውና እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አደረጉ። ቄሱን አዩ፤ ጉልበታቸውን መታ መታ አደረጓቸው።

«ያቺ በእኛ ምክንያት የታሰረችው ልጅ የታለች?» አሉ።

ፅዮን ከሰዎች ኋላ ነበረች። ታይቱ በጀርባዋ ገፋ አድርጋ አቀረበቻት። ወለተ ሰንበት አገጯን ይዘው ቀና አደረጓት።

«ይቺ ናት? ልጅ እኮ ናት!» አሉ። «ያሰራትስ ማን ነው?»

«እኔ ነኝ፣ እማማ» አለ ምሳው።

«ቀረብ በል።»

ቀረበና ጎንበስ አለ። ወለተ ሰንበት ፊቱን ረጅም ጊዜ አዩት። ኢንስፔክተሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱ የሚመረመር መሰለው።

«ደህና ሰው ትመስላለህ» አሉ። «በል፣ ይቅርታ በላት።»

«ብያታለሁ፣ እማማ። ትናንት።»

«ትናንት እኔ አላየሁም» አሉ ወለተ ሰንበት። «አሁን እያየሁ በላት።»

ምሳው ቆቡን አወለቀ። ወደ ፅዮን ዞሮ፣ ግቢው ሁሉ እንዲሰማ አድርጎ፣ እንደገና ይቅርታ ጠየቃት።